የቼሪው ዛፍና የሒሳብ መዝገቡ፦ አሜሪካ ጆርጅ ዋሽንግተንን ለልጆቿ ያስተማረችበት ታሪክ

በዋሽንግተን ዲሲ፣ በኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ጠርዙን አይጥ የበላው አንድ የልጅ ደብተር አለ። በጥንቃቄ በተቀረጸ የእጅ ጽሕፈት 110 የጨዋነት ደንቦች ሰፍረውበታል፤ ሰው ሲናገር ጣልቃ ስላለመግባት፣ ሌሎች ቆመው ስላለመቀመጥ፣ በገበታ ላይ ስለ አበላል። ደንቦቹ መነሻቸው ፈረንሳይ ነው፤ የኢየሱሳውያን ማኅበር መምህራን ያዘጋጇቸውና ኋላ በእንግሊዝኛ የተሠራጩ ናቸው። ደብተሩ ላይ የገለበጣቸው ደግሞ ገና 16 ዓመት ያልሞላው ጆርጅ ዋሽንግተን ነው።

ስለ ልጅነት ትምህርቱ በማስረጃ የሚታወቀው ከዚህ ብዙም አያልፍም። የተወለደው በ1732 በቨርጂኒያ ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር አስቀምጫለሁ)። አባቱ ኦገስቲን ታላላቅ ወንድሞቹን እንግሊዝ አገር ልከው አስተምረዋቸዋል። ጆርጅ 11 ዓመት ሲሆነው፣ በ1743፣ አባቱ ሞቱና የእሱ ዕድል በዚያው ተዘጋ። የኮሌጅ ደጃፍ ሳይረግጥ ሒሳብና የመሬት ቅየሳ ተማረ፤ በ17 ዓመቱም የኩልፔፐር ወረዳ ቀያሽ ሆነ። ከአባቱ የወረሰው መሬት ብቻ አልነበረም። 10 ሰዎችንም በባርነት ወርሷል። ኋላ ስመ ጥር ሆነው ወዳጆቻቸው የሕይወት ታሪካቸውን እንዲጽፉ ሲወተውቷቸው፣ ዋሽንግተን ትምህርታቸው የጎደለ መሆኑን ጠቅሰው እምቢ ብለዋል። እሳቸው ያልጻፉትን ልጅነት ሌላ ሰው ጻፈላቸው፤ የዚህ ታሪክ ጣጣም የመጣው ከዚያ ነው።

የጎልማሳነት ዘመናቸው በሚገባ የተመዘገበ ስለሆነ በአጭሩ ልለፈው። በ1775 የአመፀኞቹ ቅኝ ግዛቶች ጦር አዛዥ ሆኑ። በ1776 የገና ሌሊት የዴላዌርን ወንዝ በበረዶ መሐል ተሻግረው ለእንግሊዝ ተቀጥረው ትሬንተን ላይ የሰፈሩትን የጀርመን ሄስ ወታደሮች ድንገት መቱ። በ1781 ዮርክታውን ላይ ድል አደረጉ። ከሁሉ የሚበልጠው ግን፣ በእኔ ግምት፣ ዲሴምበር 23 ቀን 1783 አናፖሊስ ላይ የፈጸሙት ነው፦ ሠራዊት በእጃቸው፣ ሕዝብ ከኋላቸው ሳለ፣ ሥልጣናቸውን ለኮንግረሱ አስረክበው ወደ ማውንት ቨርነን እርሻቸው ሄዱ። በ1789 የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሆነው ተመረጡ፤ ከሁለት የሥልጣን ዘመን በኋላም በፈቃዳቸው ወረዱ። ለልጅ የሚነገር እውነተኛ ታሪክ ለሚፈልግ መምህር ይህ ብቻውን ይበቃ ነበር።

በዚያው ዘመን ግን ሌላም ነገር ይመዘገብ ነበር። ዋሽንግተን ወጪና ገቢያቸውን በእጃቸው የሚያሰፍሩ፣ ሳንቲም የማይጠፋባቸው ሰው ነበሩ። በሜይ 1784 የሒሳብ መዝገባቸው ላይ ከጥቁሮች 9 ጥርሶች በ122 ሺሊንግ መገዛታቸው ተጽፏል፤ ክፍያው የተመዘገበውም በጥርስ ሐኪማቸው ስም ነው። ፕሬዚዳንት ሆነው ቃለ መሐላ ሲፈጽሙ በአፋቸው የቀረው የራሳቸው ጥርስ አንድ ብቻ ነበር። ትውልድ በትውልድ ተማሪዎች የእንጨት ጥርስ ነበራቸው ሲባሉ አድገዋል። ሰው ሠራሽ ጥርሳቸው ከዝሆን ጥርስ፣ ከእርሳስ፣ ከእንስሳትና ከሰው ጥርስ የተሠራ ነበር፤ እንጨት የለበትም።

ዋና ከተማው ፊላደልፊያ ሲሆን የፔንሲልቬንያ የ1780 ሕግ ችግር ፈጠረባቸው። ከሌላ ግዛት የመጣ ጌታ ይዞት የመጣው ባሪያ በዚያ ግዛት 6 ወር ከቆየ ነፃነቱን መጠየቅ ይችል ነበር። ዋሽንግተን በ1791 ለጸሐፊያቸው ለቶቢያስ ሊር በጻፉት ደብዳቤ፣ የቤት አገልጋዮቹ 6 ወር ሳይሞላቸው እየተፈራረቁ ወደ ቨርጂኒያ እንዲመለሱ፣ ይህም ለራሳቸው ለባሪያዎቹም ለሕዝቡም እውነተኛው ምክንያት እንዳይገለጥ ሆኖ እንዲከናወን አዘዋል። ኋላ በምናየው፣ ውሸት መናገር አልችልም በሚለው ልጅ ታሪክ ያደጉ አንባቢዎች ይህን ደብዳቤ ሲያነቡ የሚሰማቸውን መገመት አያዳግትም።

ሜይ 21 ቀን 1796፣ ቤተሰቡ ገበታ ላይ ሳለ፣ የባለቤታቸው የማርታ ዋሽንግተን የግል አገልጋይ ኦና ጀጅ ከፕሬዚዳንቱ ቤት ወጥታ ሄደች። ዕድሜዋ ወደ 22 ገደማ ነበር። በመርከብ ተሳፍራ ኒው ሃምፕሻየር፣ ፖርትስማውዝ ገባች። በሚቀጥለው ዓመት ፌብሩዋሪ 22፣ ልክ ዋሽንግተን 65 ዓመት በሞላቸው ቀን፣ ዝነኛው የወጥ ቤት ኃላፊ ሄርኩለስም ከማውንት ቨርነን ጠፋ። ዋሽንግተን ኦናን ለማስመለስ ሰው ልከዋል፤ አልተሳካላቸውም። ዲሴምበር 14 ቀን 1799 ሲሞቱ በማውንት ቨርነን 317 ሰዎች በባርነት ይኖሩ ነበር። ከነዚህ 123ቱ የራሳቸው ሲሆኑ 153ቱ ከማርታ የመጀመሪያ ባል ውርስ የመጡ፣ ቀሪዎቹም አብዛኛዎቹ ከሌላ ጌታ የተከራዩ ነበሩ። በኑዛዜያቸው የራሳቸው የሆኑት 123ቱ ማርታ ሲሞቱ ነፃ እንዲወጡ፣ ወላጅ የሌላቸው ልጆችም ማንበብና መጻፍ እንዲማሩ አዘዋል። ማርታ ያን ጊዜ አልጠበቁም፤ በ1801 መጀመሪያ ነፃ ለቀቋቸው። የ153ቱ ባለቤትነት ግን የወራሾቹ ስለነበር፣ ባል ነፃ ወጥቶ ሚስት በባርነት የቀረችበት ቤት ብዙ ነው።

ዋሽንግተን ከሞቱ ወር ሳይሞላ ሜሰን ሎክ ዊምስ ለፊላደልፊያው አሳታሚ ለማቲው ኬሪ ደብዳቤ ጻፉ። ዊምስ የአንግሊካን ቄስ ነበሩ፤ እንጀራቸው ግን መጽሐፍ በጋሪ እያዞሩ መሸጥ ነበር። ገበያውን ያውቁታል፤ ስለ ሟቹ ጀግና ለማንበብ ሚሊዮኖች እየጠበቁ መሆኑን አልደበቁም። በ1800 የመጀመሪያዋ ቀጭን መጽሐፍ ወጣች፤ በእትም ላይ እትም ተከተለ። በሽፋኑ ላይ ራሳቸውን የማውንት ቨርነን ደብር የቀድሞ አለቃ አድርገው አስተዋወቁ። እንዲህ የሚባል ደብር ግን አልነበረም።

የቼሪው ዛፍ ብቅ ያለው በ1806፣ በአምስተኛው እትም ነው። ታሪኩን እንደ ዊምስ አድርጌ ልንገረው። ጆርጅ የ6 ዓመት ልጅ ሳለ ትንሽ ፋስ ይሰጠዋል፤ ያገኘውን ሁሉ ሲቆርጥ ይውልና የአባቱን ቆንጆ የእንግሊዝ ቼሪ ዛፍ ቅርፊቱን ይገፈዋል። በማግስቱ አባት ዛፉን አይተው ቤተሰቡን ሁሉ ይጠይቃሉ፤ ማንም አላውቅም ይላል። ጆርጅ ፋሱን እንደያዘ ይመጣል። ለአንድ አፍታ ያመነታና ውሸት መናገር እንደማይችል ገልጾ ያምናል። አባት በደስታ ያቅፉታል፤ ይህ ጀግንነት ከሺህ ዛፍ ይበልጣል ይሉታል። ዊምስ ምንጫቸው ስሟን ያልገለጿት አንዲት አሮጊት ዘመድ እንደሆነች ጽፈዋል። ከሳቸው በፊት ይህን ታሪክ የጻፈው የለም።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስገርመኝ፣ ታሪኩ ውስጥ የሌሉት ሰዎች ናቸው። ቦታው በ18ኛው ክፍለ ዘመን ቨርጂኒያ የሚገኝ የትምባሆ እርሻ ነው። የጌታው ውድ ዛፍ ተበላሽቶ ሲገኝ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ማን ነበር? ማንም አላውቅም አለ የተባለው ያ «ማንም» በአብዛኛው በባርነት የሚኖር ሰው መሆኑን የትኛውም የዘመኑ አንባቢ ያውቃል። ልጁ ቢዋሽ ኖሮ ጅራፉ የሚያርፈው በማን ጀርባ ላይ እንደነበረ ዊምስ አልነገሩንም፤ ከሳቸው ገልብጠው ያስተማሩትም ለረጅም ጊዜ አልጠየቁም።

መጽሐፉ በገጠር ጎጆዎች ሳይቀር ገባ። ኢንዲያና ውስጥ በእንጨት ጎጆ ያደገው ልጅ አብርሃም ሊንከን አንብቦታል። በፌብሩዋሪ 1861 ለፕሬዚዳንትነት ቃለ መሐላ ለመፈጸም ሲጓዙ ትሬንተን ላይ ቆመው ይህንኑ አስታውሰዋል። በአእምሯቸው የቀረው የዛፉ ተረት አልነበረም። የወንዙ መሻገር፣ ከሄሶቹ ጋር የተደረገው ውጊያ፣ የተቀበሉት መከራ ነው ያልረሱት፤ እነዚያ ሰዎች ያን ያህል የታገሉለት ነገር ከተራ ጥቅም የሚበልጥ መሆን አለበት ብለው ገና በልጅነታቸው ማሰባቸውንም ተናግረዋል። ሊንከን ገና ወጣት ሳሉ፣ ባልቲሞር ውስጥ፣ በባርነት ያለ የ12 ዓመት ገደማ ልጅ በ50 ሳንቲም አንድ ያገለገለ የትምህርት ቤት መጽሐፍ ገዛ። «የኮሎምቢያው ተናጋሪ» ይባላል፤ በ1797 የታተመ የንግግር ማስተማሪያ ነው፤ ከዋሽንግተን ንግግሮችም የተቀነጨበ አለበት። ልጁ ፍሬደሪክ ዳግላስ ነበር። ያ መጽሐፍ የተዘጋጀው ለእሱ ዓይነት ልጅ አልነበረም፤ ማንበብንም የተማረው ተደብቆ ነው።

በ1830ዎቹ ሁለት ነገሮች አብረው ሆኑ። ጃሬድ ስፓርክስ የተባሉት ምሁር ከ1834 ጀምሮ የዋሽንግተንን ጽሑፎች በ12 ቅጽ አሳተሙ። ትልቅ ሥራ ነው፤ ግን ስፓርክስ ጀግናቸው እንዲያፍር አልፈለጉምና ቋንቋውን አረሙት። ዋሽንግተን ጄኔራል ፑትናምን በቅጽል ስም ሲጠሯቸው፣ ስፓርክስ ሙሉ ማዕረጉን ተኩ። ዋሽንግተን የተመደበውን ገንዘብ የቁንጫ ንክሻ ሲሉት፣ ስፓርክስ ወደ ጨዋ የቢሮ ቋንቋ ለወጡት። የብራና ቅዳጆችንም ለወዳጅ ማስታወሻ እየቆራረጡ ሰጡ። እኚሁ ሰው በሃርቫርድ የታሪክ ፕሮፌሰር፣ በኋላም የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት ሆኑ። ከታች ዊምስ ታሪክ ፈጠሩ፣ ከላይ ስፓርክስ ታሪክ አለሰለሱ፤ ተማሪው በመሐል ቀረ።

ሁለተኛው የዊልያም ማክጋፊ የንባብ መጻሕፍት መውጣት ነው። ከ1836 ጀምሮ ሲንሲናቲ ላይ የታተሙት እነዚህ መጻሕፍት እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን ከ120 ሚሊዮን ቅጂ በላይ እንደተሸጡ ይገመታል። የቼሪው ዛፍ በሁለተኛው መጽሐፍ ገባ። በአገራችን ግብረ ገብ ተብሎ የተማርነው ዓይነት ትምህርት ነው፦ አጭር ታሪክ፣ ግልጽ ምክር፣ ከዚያ ጥያቄ። ልጁ ፊደል የሚቆጥረውም፣ ሐቀኝነትን የሚማረውም በአንድ ጊዜ ነው። እውነት መናገርን ለማስተማር የተመረጠው ታሪክ ራሱ ማስረጃ የሌለው መሆኑ የሚያሳስበው መምህር ቢኖርም ድምፁ አልተሰማም።

በ1845 ኒው ሃምፕሻየር ውስጥ አንዲት ድሃ አሮጊት ለጋዜጣ ቃላቸውን ሰጡ። ያቺ ከፊላደልፊያ የጠፋችው ኦና ናቸው፤ አሁን ወይዘሮ ኦና ስቴንስ ሆነዋል፤ ባላቸውና ልጆቻቸው ሞተዋል። በሕግ ፊት አሁንም የጠፋ ባሪያ ነበሩ። በዋሽንግተን ቤት ሳሉ ምንም ዓይነት ትምህርት እንዳልተሰጣቸው፣ ማንበብን የተማሩት ከጠፉ በኋላ እንደሆነ ተናገሩ። በ1847 ሁለተኛ ቃለ ምልልስ የባርነት ተቃዋሚዎች ጋዜጣ በሆነው «ሊበሬተር» ላይ ወጣ። በፌብሩዋሪ 1848 አረፉ። ሁለቱ ጽሑፎች በጋዜጣ ጥራዝ ውስጥ ተቀብረው፣ ትምህርት ቤት ሳይደርሱ ከመቶ ዓመት በላይ ቆዩ።

ሥዕሉ ግን ደረሰ። ጀርመናዊ አሜሪካዊው ኢማኑኤል ሎይትዘ በ1851 ዱሰልዶርፍ ላይ ሆኖ ዋሽንግተን የዴላዌርን ወንዝ ሲሻገሩ ሣለ። ጀልባው ላይ የሚታየው ባለ ኮከብ ባንዲራ ከመሻገሩ በኋላ በ1777 የጸደቀ ነው፤ ወንዙም ከእውነተኛው ይልቅ ራይንን ይመስላል። ይህ ሥዕል ወደ መማሪያ መጻሕፍት ገብቶ ቀረ፤ አሜሪካዊ ተማሪ ዓይኑን ጨፍኖ ሊነግርህ የሚችለው የታሪክ ሥዕል እሱ ነው።

ማውንት ቨርነን በበኩሉ እየፈረሰ ነበር። የደቡብ ካሮላይናዋ አን ፓሜላ ከኒንግሃም በ1853 ሴቶችን አደራጅተው ገንዘብ ማሰባሰብ ጀመሩ፤ በ1858 ቤቱንና 200 ኤከር መሬት በ200,000 ዶላር ለመግዛት ተስማሙ። ማኅበሩ ዛሬም ባለቤት ነው፤ ትምህርት ቤቶች በአውቶቡስ ተማሪ የሚያመጡበት ግቢ የመንግሥት አይደለም። የሰሜንና የደቡብ የእርስ በርስ ጦርነት ሲነሳ ሁለቱም ወገን ዋሽንግተን የኔ ነው አለ። ፌብሩዋሪ 22 ቀን 1862 ጀፈርሰን ዴቪስ ሪችመንድ ላይ፣ በዋሽንግተን ሐውልት ሥር፣ ለደቡቡ ኮንፌደሬሽን ፕሬዚዳንትነት ማሉ። በዚያው ዕለት በሰሜን፣ በሊንከን አዋጅ መሠረት፣ የዋሽንግተን የስንብት መልእክት በየቦታው ይነበብ ነበር። ያ መልእክት ስለ አንድነት የተጻፈ ነው።

ከጦርነቱ በኋላ የልደታቸው ቀን ብሔራዊ በዓል ሆነ፤ በ1885 በመላ አገሪቱ ላሉ የፌደራል ሠራተኞች ጸደቀ። በትምህርት ቤት ፌብሩዋሪ ማለት የወረቀት ፋስ መቁረጥ፣ ቀይ ቼሪ መቀባት፣ ግጥም ማንበብ ሆነ። ከአውሮፓ በመርከብ የሚጎርፉት ስደተኞች ልጆችም በዚሁ ተማሩ። ሜሪ አንቲን በ1894 ከሩሲያ ግዛት ከፖሎትስክ የመጣች አይሁዳዊት ልጅ ነበረች። በቦስተን አካባቢ ትምህርት ቤት ገብታ እንግሊዝኛ እየተማረች ስለ ዋሽንግተን ግጥም ጻፈች፤ በክፍል ፊት አነበበችው፤ ራሷ በእግሯ ይዛው ሄዳም ጋዜጣ ላይ እንዲወጣ አደረገች። በ1912 ባሳተመችው የሕይወት ታሪኳ ስለዚያ ወቅት ስትጽፍ፣ እንደ ዋሽንግተን ያለ ሰው የአገሯ ልጅ መሆኑን ስትረዳ የተሰማት ክብር ገና ያልበረደ ነው። ዛርን ስትፈራ ላደገች ልጅ፣ ሥልጣኑን አስረክቦ ወደ ቤቱ የሚሄድ መሪ መኖሩ ተአምር ነበር። የቼሪውን ተረት የምተቸውን ያህል ይህን ማሳነስ አልፈልግም። ያ ትምህርት ለብዙ ስደተኛ ልጅ በር ከፍቷል።

በ1926 ካርተር ውድሰን የጥቁሮች ታሪክ ሳምንትን በዚያው በፌብሩዋሪ ጀመሩ። ለሊንከንና ለዳግላስ ልደት ብለው የመረጡት ሳምንት ነው፤ የዋሽንግተን ልደትም እዚያው ወር ላይ ስለሚውል፣ አንድ ወር ሁለት ዓይነት ታሪክ መሸከም ጀመረ። በ1929 የማውንት ቨርነን ሴቶች የባሪያዎቹ መቃብር ያለበትን ሥፍራ በትንሽ የእብነ በረድ ጽሑፍ አመለከቱ።

1932 ሲመጣ፣ 200ኛ የልደት ዓመት፣ ዋሽንግተንን የማስተማሩ ዘመቻ ጣሪያ ነካ። የኒው ዮርኩ የኮንግረስ አባል ሶል ብሉም የመሩት ኮሚሽን ድራማ፣ የድርሰት ውድድርና የመማሪያ ጽሑፍ በየትምህርት ቤቱ አዳረሰ። አዲሱ የ25 ሳንቲም ገንዘብ ፊታቸውን ይዞ ወጣ። ጊልበርት ስቱዋርት በ1796 የሣለው ምስል ቅጂም በመማሪያ ክፍሎች ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። ስቱዋርት ያን ሥዕል ሆን ብሎ ሳይጨርስ ያስቀረው ነው፤ እሱን እያየ ብዙ ቅጂ ሠርቶ በ100 ዶላር ይሸጥ ነበር። የአንድ ዶላር ኖት ላይ ያለውም ከእሱ የመጣ ነው። ከንፈራቸው ግጥም ብሎ ጉንጫቸው ያበጠው በሰው ሠራሽ ጥርሱ ምክንያት ነው። አንድ ትውልድ ሙሉ በዚያ ፊት ሥር ፊደል ቆጠረ፤ ያ አፍ ለምን እንዲያ እንደተዘጋ የነገረው አልነበረም።

ከዚያ ዘመቻ አራት ዓመት በኋላ፣ ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ በአዲስ የተከፈተ ጆርጅ ዋሽንግተን የሚባል ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነበር። ሩሲያ የተወለደው፣ ከሠዓሊው ዲዬጎ ሪቬራ ጋር የሠራው ቪክቶር አርናውቶፍ ግድግዳውን በ13 ትልልቅ ሥዕሎች ሞላው። የተቀጠረው የዋሽንግተንን ሕይወት እንዲያሳይ ነው። አሳየ፤ ግን ማውንት ቨርነንን ሲሥል ከፊት ያስቀመጠው የሚሠሩትን ጥቁሮች ነው። በሌላው ግድግዳ ላይ ዋሽንግተን ወደ ምዕራብ ጣታቸውን ሲቀስሩ፣ ነጮቹ ሰፋሪዎች በግራጫ ቀለም ተሥለው በአንድ የሞተ የአገሬው ተወላጅ አጠገብ ያልፋሉ። መማሪያ መጽሐፉ ያልጻፈውን ግድግዳው ጻፈው። በ1939 ደግሞ ግራንት ውድ «የቄስ ዊምስ ተረት» ብሎ የሰየመውን ሥዕል ሠራ። ዊምስ መጋረጃ ገልጠው ትዕይንቱን ያሳዩናል፤ ትንሹ ጆርጅ የልጅ ሰውነት ላይ የስቱዋርትን የሽማግሌ ፊት ተሸክሞ ቆሟል። ከበስተኋላ፣ ራቅ ብሎ፣ ሁለት ጥቁር ሰዎች ከሌላ ዛፍ ቼሪ እየለቀሙ ነው። ዊምስ ያላስገቧቸውን ሰዎች ውድ መለሳቸው።

ሰነዶቹ በሙሉ የሚወጡበት ጊዜ ቀስ ብሎ መጣ። በ1960ዎቹ መጨረሻ የቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ የዋሽንግተንን ወረቀቶች ከደረሷቸው ደብዳቤዎች ጋር ሳያርም ሳይለቅም ለማሳተም ሥራ ጀመረ። ስፓርክስ የደበቁት ቁንጫ ተመለሰ፤ የ1791ዱ ደብዳቤም፣ የሒሳብ መዝገቡም ለማንም ተማሪ ክፍት ሆነ። በ1971 የልደት በዓሉ በፌብሩዋሪ ሦስተኛ ሰኞ እንዲውል ተደረገ፤ ብዙ ሰው «የፕሬዚዳንቶች ቀን» ቢለውም በፌደራሉ ሕግ ስሙ ዛሬም የዋሽንግተን ልደት ነው። በ1983 የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ሕንፃ ተማሪዎች የነደፉት መታሰቢያ በማውንት ቨርነን ባሪያዎች መቃብር ላይ ተመረቀ። በ2010 ፊላደልፊያ ላይ፣ የነፃነት ደወሉ ካለበት ሕንፃ መግቢያ አጠገብ፣ የፕሬዚዳንቱ ቤት በነበረበት ቦታ ኦናና ሄርኩለስን ጨምሮ እዚያ በባርነት የኖሩ 9 ሰዎች የሚታወሱበት ሥፍራ ተከፈተ።

ለልጅ መንገሩ ግን ቀላል አልሆነም። በጃንዋሪ 2016 ትልቁ የሕፃናት መጻሕፍት አሳታሚ ስኮላስቲክ ሄርኩለስ ለዋሽንግተን የልደት ኬክ ሲጋግር የሚያሳይ የሥዕል መጽሐፍ አወጣ። በየገጹ ባሪያዎቹ ፈገግ ይላሉ። ወር ሳይሞላ ተቃውሞው በርትቶ አሳታሚው መጽሐፉን ከገበያ ሰበሰበው። እውነተኛው ሄርኩለስ በዚያው የልደት ቀን መጥፋቱን ላስታወሰ ሰው ያ ፈገግታ ምን ያህል እንደሚከብድ ግልጽ ነው። በሚቀጥለው ዓመት የታሪክ ምሁሯ ኤሪካ አርምስትሮንግ ደንባር ስለ ኦና ጀጅ ጥልቅ መጽሐፍ አሳተሙ፤ በ2019 ለወጣት አንባቢዎች የተዘጋጀው ወጣ። ወይዘሮ ኦና ከሞቱ ከ170 ዓመት በኋላ ትምህርት ቤት ገቡ ማለት ነው።

በዚያው 2019 የሳን ፍራንሲስኮ የትምህርት ቦርድ የአርናውቶፍ ሥዕሎች በቀለም እንዲጠፉ ወሰነ። ጥቁርና የአገሬው ተወላጅ ልጆች በየቀኑ የወገናቸውን ባርነትና ሬሳ እያዩ ማለፍ የለባቸውም የሚለው መከራከሪያ ነበር። ቅሬታው አዲስ አልነበረም። በ1960ዎቹ መጨረሻ ጥቁር ተማሪዎች ሲቃወሙ፣ ወጣቱ ሠዓሊ ዱዊ ክረምፕለር መልስ የሚሆኑ ሥዕሎች እንዲሥል ተጠይቆ በ1974 አስመርቋል። ይኸው ሰው በስተርጅናው የአርናውቶፍ ሥዕል እንዳይጠፋ ተሟገተ። ቦርዱ ከሳምንታት በኋላ በ4 ለ3 ድምፅ ማጥፋቱን ወደ መሸፈን ቀየረ፤ የቀድሞ ተማሪዎች ማኅበር ከሰሰ፤ በ2021 ፍርድ ቤት ውሳኔውን ሻረ፤ በ2022 አዲሱ ቦርድ ነገሩን ተወው። የልጆቹን ስሜት አላቃልልም። ግን አርናውቶፍ በ1936 በድፍረት የሣለውን እውነት ማጥፋት ዊምስን ማገዝ ይሆን ነበር ብዬ አምናለሁ።

በ2024 የማውንት ቨርነን የቁፋሮ ባለሙያዎች በቤቱ ምድር ቤት ወለል ሥር 35 ጠርሙስ አገኙ፤ 29ኙ አልተሰበሩም። ውስጣቸው ቼሪና ሌላ ፍሬ ነበር፤ ከ250 ዓመት ገደማ በፊት ለክረምት ታስቦ የታሸገ፣ ፍሬው ገና ቅርጹን ያልለቀቀ። ዛፍ ላይ ወጥተው የለቀሙት፣ አጥበው የሞሉት፣ ጉድጓድ ቆፍረው ያስቀመጡት በግቢው በባርነት የሚሠሩት ሰዎች ናቸው።

ከዚያ ግቢ ወደ ሰሜን ጥቂት ኪሎ ሜትር ሲሄዱ የአሌክሳንድሪያ ከተማ አለ። ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩበት ነው፤ ትምህርት ቤቶቹ ለወላጆች የሚልኩት ማስታወቂያ በአማርኛም ይዘጋጃል። በአካባቢው በማውንት ቨርነን ጉብኝት አውቶቡስ ውስጥ፣ ቤታቸው አማርኛ የሚነገርባቸው ልጆች አሉ። እነዚህ ልጆች የሚያገኙት ዋሽንግተን አያቶቻችን ከሰሙት፣ ሜሪ አንቲን ከተማረችውም የተለየ ነው።

ዛሬ ጠንቃቃ መምህራን ሁለት ወረቀት ጎን ለጎን አድርገው ያስተምራሉ። አንደኛው በሜይ 1796 የፕሬዚዳንቱ ቤት አስተዳዳሪ ፍሬደሪክ ኪት በጋዜጣ ያወጣው ማስታወቂያ ነው። የጠፋችውን ልጅ መልክ፣ ጠቃጠቆዋን፣ ጥቁር ዓይኖቿንና ጸጉሯን ይዘረዝራል፤ ብዙ መልካም ልብስ እንዳላት ይናገራል፤ ለመጥፋት ያበቃት ምንም በደል እንዳልነበረ ገልጾ 10 ዶላር ወሮታ ያቀርባል። ሁለተኛው ከ49 ዓመት በኋላ የተወሰደው የራሷ ቃል ነው። ወደ ቨርጂኒያ ብትመለስ ነፃነት እንደማይኖር፣ ማርታም ለልጅ ልጃቸው በስጦታ ሊሰጧት አስበው እንደነበር፣ እነሱ ጓዝ ሲሸክፉ እሷም የራሷን እንደሸከፈች ትናገራለች። ተማሪዎቹ ማስታወቂያው የዘለለውን ምክንያት በራሳቸው ቃል ይጽፋሉ። የሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ አናፖሊስ፣ 1783 ነው፤ መምህሩ ጆን ትረምበል የሣለውን የሥልጣን ርክክብ ሥዕል ያወጣና ጄኔራሉ በእጃቸው የያዙት ወረቀት ምን እንደሆነ ይጠይቃል።